ጅማ ሁለት ማታ አለኝ፣ የት ልዙር የት ልብላ የት ላምሽ?

ከሰሚት_የመጣው
እሁድ ማታ 2፡40
ሰላም ጅማዎች እንዴት ናችሁ። ታናሽ እህቴ የሚመጣው ቅዳሜ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች፣ እሷ ዓመታቱ እንደ ህልም አለፉ ትላለች፣ እኛ ግን በየወሩ ብር ስንልክ ስለነበር ህልም አይደለም በደንብ ነው የምናስታውሰው ሃሃ። ቤተሰብ አርብ ማታ ነው የሚገባው፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ሀሙስ ጠዋት ተነስተን ቀድመን ልንመጣ ነው ስለዚህ የሀሙስና የአርብ ማታ የኛ ናቸው ማለት ነው። የምፈልገው ሙዚየም ምናምን አይደለም (እሱን እሁድ ከአባቴ ጋር አየዋለሁ፣ ግዴታ ነው)፣ ወጣት የሚርመሰመስበት፣ በእግርህ እየዞርክ ትንሽ ነገር የምትገዛበት፣ የምትበላበት፣ ከዛ ሙዚቃ ያለበት ቤት ገብተህ ፈታ የምትልበት ሰፈር ካለ ጠቁሙኝ። አንዱ ጓደኛዬ "ጅማ ሄደህ ቡናህን ጠጥተህ በ2 ሰዓት ትተኛታለህ" ብሎ ሙዴን አጠፋው። እህቴን ማታ ማታ የት ነበር የምትወጡት ብላት "ላይብረሪ ነበርኩ" ነው የምትለኝ፣ ማን ያምናል።

ሲቢቲፒ_የተረፈ
እሁድ ማታ 2፡58
"ላይብረሪ ነበርኩ" ያላለ የጅማ ተማሪ የለም፣ ልጅቷን ተዋት ሃሃሃ። ወንድሜ መልሱ አንድ ነው፣ ቆጪ የሚባለው ሰፈር። ሌላ የሚነግርህ ካለ ወይ ጅማ አልተማረም ወይ አርጅቷል። እኔ ከጤና ነው የወጣሁት፣ ሲቢቲፒ (ማህበረሰብ ውስጥ ገብተን የምንሰራው የተማሪ ልምምድ) ብለው ገጠር አውጥተውን ቤት ለቤት እየዞርን ሽንት ቤት አላችሁ ወይ ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት እያልን ስንመዘግብ ከርመን ስንመለስ ጫማችን ላይ ያለውን ጭቃ ሳናራግፍ ቀጥታ ቆጪ ነበር የምንሄደው። ሽሮ የምትሰራ ሴትዮ ነበረች፣ አንድ ሽሮ አዝዘን ለሶስት ስንበላ እያየች ዝም ብላ እንጀራ የምትጨምር፣ ብር ካነሰህ ነገ አምጣ የምትል። እስካሁን የሰባት ሽሮ እዳ ሳይኖርብኝ አይቀርም። ከዛ ፑል፣ ከዛ ኳስ ካለ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋጉ እየተባባልን፣ ከዛ ያለው ድራፍት ይጋብዛል። ያኔ እንደዛ ነበር፣ አሁን ደሞ ካፌውም ላውንጁም ጨምሯል ብለውኛል።

ቡና_በጤናዳም
እሁድ ማታ 3፡20
"ያኔ" ያልከው የስንት ዓመት ታሪክ ነው ሲቢቲፒ? ቆጪ አሁንም ተማሪ አለው አልልህም ግን ተማሪ ሊመረቅ ሳምንት ሲቀረው ቆጪ ያለው እቃ የሚያሽግ ሰው ብቻ ነው።

ከሰሚት ስማኝ፣ እኔ መርካቶ (የኛን መርካቶ ነው የምልህ) ልብስ ሱቅ ነው የምውለው፣ እንግዳ ሲመጣ ሲሄድ አያለሁ። የአዲስ አበባ ሰው ሁሌ አንድ ስህተት ነው የሚሰራው፣ ከባስ ወርዶ ሆቴል ይገባል፣ ይታጠባል፣ ይተኛል፣ 3 ሰዓት ሲሆን ሽቶ ተቀብቶ ይወጣና "የት ነው ያለው ሙዱ" ይላል። ያኔማ እኛ እቤታችን እራት እየበላን ነው። ጅማ የምታመሸው ከ10 ሰዓት ጀምራ ነው። ከ10 እስከ 2 ተኩል ያለችዋን ሰዓት ካገኘሃት ከተማዋን አገኘሃት፣ ካመለጠችህ ጓደኛህ ትክክል ነው ቡናህን ጠጥተህ ተኛ።

ሀሙስ መምጣትህ ደሞ እድልህ ነው፣ ሀሙስ ገበያ ነው። ከየገጠሩ የሚመጣው ሰው፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ በርበሬው፣ ቡናው፣ ከቀርከሃ የሚሰራው እቃ፣ እዛው ጎኑ ደሞ ቦንዳ ጨርቅ ተራራ አክሎ። ወጣቱ በሙሉ ቦንዳው ላይ ነው፣ አንዷ ጃኬት ስታነሳ ሌላኛዋ እጅጌዋን ይዛ፣ ሳይጣሉ የሚጣሉበት ቦታ ነው። ብልጥ ከሆንክ ምሳ ሰዓት ላይ ደርሰህ ሻንጣህን ወርውረህ ቀጥታ ና። ዝናብ ከመጣ ግን ሻጩ ሸራውን ጠቅልሎ አምስት ደቂቃ ውስጥ ምንም እንዳልነበረ ነው የሚሆነው።

አባ_ስፕሪስ
እሁድ ማታ 3፡31
ማንም ሰው ጁስ ሳይል ሶስት ኮሜንት አለፈ??? በጅማ???

አቡካዶ በአገሩ ነው የሚጠጣው። አዲስ አበባ የሚሰጧችሁ አቡካዶ በስኳርና በውሃ የተባረከ ነው፣ እዚህ ማንኪያ ብትተክልበት ይቆማል። ስፕሪስ ስታዝ አቡካዶ ከስር፣ ማንጎና ፓፓያ ከላይ፣ ሎሚ ጨመቅ አርገህበት፣ በማንኪያ ብላው እንጂ በስትሮ አትታገል። አስጠንቅቄሃለሁ አንድ ትልቅ ብርጭቆ እራት ነው፣ ከሱ በኋላ ጥብስ አዛለሁ ካልክ ሆድህ ይፈርድብሃል።

ከጅማ_የሸሸሁ
እሁድ ማታ 3፡50
አታጋኑ እንጂ። እኔ ለስራ ሁለት ዓመት ነበርኩ፣ ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያለው ቤት ፈልጎ መቀመጥ ነው ናይትላይፍ የሚባለው። ደሞ አንዴ ሶስት ሆነን አንድ ቤት ገብተን ስምንት ቢራ ጠጥተን የአስራ አራት ሂሳብ መጣልን፣ ስንከራከር "ጠርሙሱ እዚህ አለ ቁጠሩ" ብለው የሌላ ጠረጴዛ ጠርሙስ ሰብስበው አመጡ። የቤቱን ስም አልጠራም። ፈረንጅ አራዳም ቆጪም መርካቶም ለኔ አንድ ናቸው።

ቡና_በጤናዳም
እሁድ ማታ 3፡55
ጠርሙስ ሳይነሳ ማስቀመጥ ወይ እያንዳንዱን ሲመጣ መክፈል። ይሄ ደሞ ጅማ ብቻ ነው እንዴ ያለው?

ከጅማ_የሸሸሁ
እሁድ ማታ 4፡02
አይደለም ግን ጅማ ላይ ነው የደረሰብኝ

የጅሬን_ሰው
ሰኞ ጠዋት 1፡10
እንደምን አደራችሁ ልጆች። እኔ ስልሳን አልፌያለሁ፣ ማታ ስትጽፉ ተኝቼ ነበር፣ ስለዚህ ስለ ናይት ክለቡ የምለው የለኝም። ግን ልጅ ከሰሚት "ሙዚየም ምናምን" ስትል ትንሽ ከነከነኝና ነው።

ገበያ ልትሄድ ነው አይደል? ያ ገበያ ሂርማታ ነው የሚባለው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ ጅሬን ኮረብታው ላይ ቤተ መንግስታቸው፣ ታች ሜዳው ላይ ገበያቸው ነበር። የደቡብ ምዕራቡ ሲራራ ነጋዴ ሁሉ መጨረሻው እዚህ ነበር፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ የቀንድ ከብት፣ ለመናገር ቢከብድም ሰውም ይሸጥ ነበር። ያኔም ቀኑ ሀሙስ ነው። እና አንተ ሀሙስ ጫማ ስትከራከር ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቀጠሮ ላይ ነው የተገኘኸው። ፈረንጅ አራዳ ደሞ ስሙ ራሱ ይናገራል፣ ጣሊያን በኛ አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1933 በቆየባቸው ዓመታት ለራሱ ሰው ብሎ የሰራው ሰፈር ነው፣ አንዳንዱ ህንጻ እስካሁን ቆሟል። እኛ ልጅ ሆነን ፈረንጅ አራዳ ለመሄድ ጫማ ይጠረግ ነበር። አሁን ሸበጥ አድርገው ሲሄዱ አያለሁ፣ ይሁን።

ከሰሚት_የመጣው
ሰኞ ጠዋት 3፡15
ጋሼ ይቅርታ፣ ምናምን ያልኩት በክፋት አይደለም። ቤተ መንግስቱን ከአባቴ ጋር እሁድ እናየዋለን፣ እንደውም ባጃጅ እዛ ድረስ ይወጣል ወይ?

ባለሶስት_እግር
ሰኞ ቀን 6፡30
ባጃጅ ይወጣል እንዴ ይወጣል፣ ኮንትራት ነው ግን። ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ዳገት ነው፣ ሶስት ወፍራም ሰው ከሆናችሁ እኔ ራሴ ወርጄ እገፋለሁ ሃሃ።

እኔ ባጃጅ ሹፌር ነኝ ስለዚህ ስለ ማታው እኔን ጠይቁኝ። ቀን በሰው ነው የምንጭነው፣ አጂፕ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ መርካቶ እያልን ነው የምንጠራው፣ አንተ ቦታውን ብለህ ትገባለህ በቃ ዋጋ አትጠይቅ፣ ከጠየቅክ እንግዳ መሆንህ ታወቀ። ሲመሽ ግን አብዛኛው ኮንትራት ነው ይልሃል፣ ያኔ ሳትገባ ተስማማ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም ቤንዚን በወጣ ቁጥር ስለሚቀየር ሰው መጥቶ ፎረም ላይ እንዲህ ተብሏል ብሎ ይከራከረኛል። ከመጠጥ ቤት በር ላይ የቆመውን ባጃጅ አትያዙ ሃያ እርምጃ ሄዳችሁ ከመንገድ ላይ ያዙ፣ ይሄን በመናገሬ ጓደኞቼ ይገሉኛል።

ቦታ ካላችሁኝ ደሞ እኔ ማታ ብዙ ሰው የማወርደው ፈረንጅ አራዳ ነው፣ ቆጪ የማነሳው ነው የሚበዛው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ።

ሲቢቲፒ_የተረፈ
ሰኞ ቀን 6፡44
ቆጪ የምታነሳው ስለሚበዛ ቆጪ ሰው አለ ማለት ነው ሃሃሃ አሸነፍኩ

ዝናብ_ለምዶብኛል
ሰኞ ማታ 1፡20
ሁላችሁም ወንዶች ናችሁ መሰለኝ (ከቡና_በጤናዳም በቀር) ስለዚህ የኔንም ስሙ። እኔ አራተኛ ዓመት ነኝ፣ ከሶስት ሴት ጓደኞቼ ጋር ነው የምወጣው። ለኛ ማምሸት ማለት ክላስ ጨርሰን 10 ሰዓት ላይ ወጥተን ፈረንጅ አራዳ ወክ ማድረግ፣ ሱቆቹን እያየን (አንገዛም፣ ማየት ነጻ ነው)፣ የስልክ ከቨር፣ ጌጣጌጥ፣ ሻርፕ ምናምን ለክተን መልሰን፣ ከዛ ጁስ ወይ ኬክ ቤት ገብተን ስለ ሰው ማውራት ነው። አሁን ኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ በአዌቱ ወንዝ ዳር መንገዱ መብራት ስላለው እዛም ሰው ይቀመጣል፣ ፎቶ የሚነሳው ብዛት። በፊት እኮ አዌቱ ሲባል አፍንጫ ነበር የምንይዘው።

ከ2 ሰዓት በኋላ ግን ሴት ብቻችንን ጨለማ ባለበት አንሄድም፣ በተለይ ጠጥተው ከሚወጡ ልጆች ጋር መንገድ ላይ ከተገናኘህ አስተያየቱ አይጣል ነው። ይሄን የምጽፈው ከሰሚት እህትህን ይዘህ ልትወጣ ካሰብክ ባጃጅ አስቀድማችሁ የምታውቁትን ሹፌር ስልክ ያዙ፣ እኛ አንድ አባት የሆኑ ሹፌር አሉን ደውለን ነው የሚመጡልን፣ ዘግይተን ከደወልን ደሞ እስክንደርስ ይቆጡናል።

ደሞ ዣንጥላ። ሰኔ መጨረሻ ነው የምትመጡት። ነጭ ስኒከር አድርጎ የሚመጣ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሌ አያለሁ ያሳዝነኛል፣ የጅማ ጭቃ ቀይ ነው አይለቅም።

አባጅፋር_ለዘላለም
ሰኞ ማታ 1፡48
ወክ በሉ ጁስ በሉ ግን ፈረንጅ አራዳን በ2010 ያላየ ስለ ጅማ ማታ አያውራ። ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ ሲያነሳ! ኦኪኪ አፎላቢ ሲያገባ ሲያገባ ከርሞ! ያን ማታ ሰው አልተኛም፣ ባጃጅ ጣራ ላይ ሰው ነበር፣ እኔ የማላውቀው ሰው አቅፎኝ አልቅሷል፣ እኔም አልቅሻለሁ። አሁን ክለቡ የት እንዳለ አትጠይቁኝ።

ከጅማ_የሸሸሁ
ሰኞ ማታ 1፡55
እሺ ያን ማታ እኔም ነበርኩ። እሱን አምናለሁ።

ኢፍጣር_ሰዓት
ሰኞ ማታ 2፡30
አሰላሙ አለይኩም። እናንተ ማታ ማታ የምትሉት ሁሉ ከመጠጥ ጋር ነው፣ ጅማ ግን ግማሿ አይጠጣም እኮ። በረመዳን ብትመጡ ነበር ማታ የምታዩት። መግሪብ ሊል ሲል መርካቶ አካባቢ ሳምቡሳው፣ ተምሩ፣ ጁሱ ሰው ትከሻ ለትከሻ ነው፣ ከዛ አዛን ሲል ድንገት መንገዱ ጭር፣ ከተራዊህ በኋላ ደሞ እንደገና ህጻን አዋቂ ሁሉ ወጥቶ እስከ እኩለ ሌሊት። ያኔ ቡና_በጤናዳም ራሷ ሱቅ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትከፍት ትንገራችሁ።

ቡና_በጤናዳም
ሰኞ ማታ 2፡41
ወአለይኩም ሰላም። ዒድ ሲደርስ እኔ ራሴ ተኝቼ አላውቅም። አባያና የልጆች ልብስ ብቻ ሳጥፍ እነጋለሁ። እውነቱን ነው።

ምርቃና_ነክ
ሰኞ ማታ 4፡10
ማንም ያላነሳውን ላንሳው፣ በርጫ፣ ጫት መቃሙን ማለቴ ነው። ከ8 ሰዓት ጀምሮ ወጣቱን ለምን መንገድ ላይ አታዩትም? ቤት ውስጥ ተጋድሞ አለምን እያስተካከለ ነው። ከዛ 1 ሰዓት ላይ ወጥቶ ለጨብሲ (ምርቃናውን በመጠጥ ለማብረድ) ድራፍት ቤት ይገባል፣ ማታ ቤቶቹ ድንገት የሚሞሉበት ሚስጥሩ ይሄ ነው። እንግዳ ከሆንክ ግን አትሞክረው፣ ለለመደም አልበጀ፣ ምርቃት ላይ አይንህ ፈጦ ፎቶ ትነሳለህ።

አድሚን
ሰኞ ማታ 4፡30
ስለ ጫት እዚህ ላይ ይብቃን፣ ባለፈው ጊዜ ክሩ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ወደ ጥያቄው።

የጌራ_ማር
ማክሰኞ ጠዋት 2፡05
ስለ መግዛት ማንም በደንብ አልነገረውም። በርጩማ ግዛ። ባለ ሶስት እግር የጅማ በርጩማ። ዋናው ነገር አንድ ወጥ መሆኑ ነው፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው ሚስማርም ሙጫም የለውም። ስትገዛ ገልብጠው፣ እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበትን እይ፣ የእንጨቱ መስመር ሳይቆረጥ ወደ እግሩ ከወረደ እውነተኛ ነው፣ ስንጥቅ ካለና በጫማ ቀለም ከተሸፈነ ተወው። ዋንዛ ከሆነ ጥሩ ነው። እርጥብ እንጨትም አለ፣ አንሳው፣ ለመጠኑ ከከበደህ ገና አልደረቀም፣ አዲስ አበባ ወስደኸው ሳሎንህ ውስጥ ይሰነጠቃል።

ማር ስትገዛ ደሞ ቅመሰው፣ ማንም ሳያስቀምስ አይሸጥም። ነጭ ማር ብለው ስኳር እንዳይሸጡልህ ዘመድ ያለው ሰው ይዘህ ሂድ። ሻጮቹ ብዙዎቹ ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት፣ በአማርኛም ይግባባሉ፣ ግን "አካም ጅርቱ" ብለህ ጀምረህ "ሜቃ?" ብለህ ብትጠይቅ ፊታቸው ላይ ያለው ሌላ ነው። ዋጋው ይቀንሳል አልልህም ሃሃ፣ ግን ወንበር ይሰጡሃል። ጥሬ ቡና በብዛት ጭነህ አትመለስ፣ ኬላ ላይ ጣጣ ነው፣ የተቆላ ትንሽ ያዝ።

ከሰሚት_የመጣው
ረቡዕ ማታ 3፡00
እናመሰግናለን ሁላችሁንም። ነገ 12 ሰዓት ባስ ነው። ዣንጥላ ይዣለሁ፣ ነጭ ስኒከሩን ትቻለሁ (ጓደኛዬ ግን አድርጎ ነው የሚመጣው፣ ስም አልጠራም)። መጥቼ ሪፖርት አደርጋለሁ።

ቡና_በጤናዳም
ረቡዕ ማታ 3፡04
እንዳትተኛ!!!

ከሰሚት_የመጣው
አርብ ጠዋት 4፡20
ተኛሁ።

እሺ ስድቡን ከመጀመራችሁ በፊት ላስረዳ። ወሊሶ ቁርስ፣ ወልቂጤ ሻይ፣ ሁሉም ሰላም ነበር፣ ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ጨፈጨፈን፣ ከዛ ሰኮሩ አካባቢ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን፣ አሰንዳቦን ሰርቦን አልፈን ስንገባ 9 ተኩል ሆኗል። ገበያ ልንሄድ ስንል ዝናቡ ለቀቀው። ዝናብ ስል አዲስ አበባ የማውቀውን አይነት አይደለም፣ በቧንቧ ነው የሚመስለው። "ትንሽ እስኪያባራ" ብለን ጋደም አልን። ስንነቃ 2፡50። ወጣን ፈረንጅ አራዳ ሄድን፣ ሱቅ ዝግ፣ ጁስ ቤቱ ወንበር ገልብጦ እያጸዳ ነው፣ ልጁ ፊታችንን አይቶ አሳዝነነው መሰለኝ የቀረችውን አቡካዶ መታልን (አባ ስፕሪስ እውነትህን ነው፣ ማንኪያው ቆመ)። ከዛ አንድ ሙዚቃ ያለበት ቤት ገባን አራት ሰው ነው የነበረው፣ አንዱ ዲጄው ነው። በ4 ተኩል ተኛን። አዲስ አበባ ላለው ጓደኛዬ አልነገርኩትም።

ሲቢቲፒ_የተረፈ
አርብ ጠዋት 4፡31
ቆጪ ብትሄድ ኖሮ

ባለሶስት_እግር
አርብ ጠዋት 4፡40
ቆጪ ቢሄድም ያው ነበር ዝናብ ነበር እኮ፣ እኔ ራሴ 3 ሰዓት ገባሁ

ቡና_በጤናዳም
አርብ ቀን 5፡15
ዛሬ 9 ሰዓት መርካቶ ና። ጁምዓ ሰግደው የወጡት ሰዎች በሙሉ ገበያ ናቸው፣ ሀሙስን አያህልም ግን አለ። ከዛ 11 ሰዓት ፈረንጅ አራዳ። ከዛ እራት በጊዜ። ሆቴል አትመለስ፣ አልጋ አትይ፣ ጫማ አታውልቅ።

ከሰሚት_የመጣው
ሰኞ ማታ 2፡15
አዲስ አበባ ገብቻለሁ፣ የአርብን ልንገራችሁ ረጅም ነው።

9 ሰዓት መርካቶ ገባን። እህቴ ራሷ መጥታ መራችን፣ "ላይብረሪ" የነበረችው ልጅ እያንዳንዱን ቦንዳ ሻጭ በስሙ ነው የምታውቀው፣ "አንቺ ተመረቅሽ አይደል፣ የመጨረሻ ቅናሽሽ ነው" ሲሏት ነበር። ጓደኛዬ ጃኬት አገኘ፣ እኔ በርጩማ ፍለጋ ገባሁ። ሽማግሌው ሻጭ ጋ "አካም ጅርቱ" አልኩ፣ በጣም ደስ አላቸውና በኦሮምኛ ቀጠሉ፣ እኔ ከዛ ወዲያ አንድም ቃል የለኝም፣ ዝም ብዬ ሳቅኩ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ ልጃቸው መጥቶ አስታረቀን። የጌራ_ማር እንዳልከው ገልብጬ አየሁ። የመጀመሪያው በጫማ ቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ ነበረው፣ ጣቴን ሳሳርፍበት ሽማግሌው ራሳቸው ነጠቁኝና ከስር ሌላ አወጡ፣ "ይሄ ለሚያውቅ ነው" ብለው። ወንበር ሰጡኝ ደሞ፣ ዋጋ ግን አልቀነሱም።

11 ሰዓት ፈረንጅ አራዳ ስንደርስ ያው ሀሙስ ማታ ያየሁት መንገድ መሆኑን ማመን አቃተኝ። የት ነበር ይሄ ሁሉ ሰው? ምርቃት ስለሆነ ደሞ ከየሀገሩ የመጣ ቤተሰብ፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ኬክ ቤት፣ ገዋኑን ቀድሞ ለብሶ የሚዞር ተማሪ፣ ፎቶ አንሺ እግር በእግር። ሳምቡሳ ቆመን በላን፣ ጀበና ቡና ጤና አዳም ጣል ተደርጎበት ጠጣን፣ የምታፈላው ልጅ ከሰሚት ነው የመጣሁት ስላት ሰሚት የት ነው አለችኝ፣ ካፒታሉ ውስጥ ነኝ ብዬ ስኮራ የኖርኩት ሰውዬ ዝም አልኩ። ከዛ አዌቱ ዳር ሄደን ተቀመጥን። 1 ሰዓት ላይ ሽክላ ጥብስ በላን፣ 2 ሰዓት ሲሆን አንድ ቤት ገባን፣ ይሄኛው ሞልቶ ነበር፣ ኦሮምኛ ዘፈን ሲመጣ ግማሹ ቤት ተነስቶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እኛ ሶስታችን እንደ እንጨት ቆመን፣ ከዛ አንዱ ልጅ እጄን ይዞ አስገባኝ። ቢራውን እየከፈልን ነው የጠጣነው ከጅማ_የሸሸሁ። 3 ተኩል ላይ እህቴ "በቃ" አለች፣ ለካ እሷም የሚያውቋት አባት ሹፌር አሏት፣ መጡ፣ ሶስታችንንም ተቆጡን ነገ ምርቃት እያለ ብለው።

ነጭ ስኒከሩ አሁን ቀይ ስኒከር ነው።

ዝናብ_ለምዶብኛል
ሰኞ ማታ 2፡22
እንዴ ሹፌሩ ሸበቶ ናቸው? ሬዲዮ ዝቅ አርገው ዜና የሚሰሙ?

ከሰሚት_የመጣው
ሰኞ ማታ 2፡24
አዎ!! "መዝጊያውን ቀስ" የሚሉ

ዝናብ_ለምዶብኛል
ሰኞ ማታ 2፡25
ሃሃሃሃ የኛ ናቸው። እህትህን አውቃታለሁ ማለት ነው። ላይብረሪ አይቻት አላውቅም።

የጅሬን_ሰው
ማክሰኞ ጠዋት 1፡30
ልጄ ቤተ መንግስቱን ከአባትህ ጋር አየህ ወይ?

ከሰሚት_የመጣው
ማክሰኞ ጠዋት 3፡40
አየን ጋሼ። አባቴ እንጨት ስራውን ሲያይ አንድ ሰዓት ቆመ፣ እኔ ከላይ ሆኜ ወደ ከተማው ሳይ ገበያው የት ጋ እንደሆነ ለየሁት። አባቴ በርጩማውን ግን ወሰደብኝ፣ ለሱ የገዛሁለት መስሎት። አሁን ሌላ ልግዛ ብል ከዚህ የሚልክልኝ ሰው አለ?

የጌራ_ማር
ማክሰኞ ጠዋት 3፡52
ኢንቦክስ አርገኝ። ቁመቱን በስንዝር ለካና ንገረኝ፣ ባስ ላይ አስጭንልሃለሁ።